በአፈር የተሳለ ክፍል

ሆሳዕና የገባነው መስቀል አልፎ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። አራት ነበርን። በዚያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ያስተምር ስለነበር እኛም በዚሁ ደንብ ነው የተላክነው። ከሌሎቹ የሚለየን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት የእንጨት ሳጥን ይዘናል። በሳጥኖቹ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ሙዚየም በውሰት የተሰጡን ሥዕሎች፣ የሸክላ ዕቃዎችና የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎች አሉ።

ነገሩ የአንድ መምህራችን ሐሳብ ነበር። «አዲስ አበባ ያለው ተማሪ እንኳ በሙዚየሙ በር አልፎ ይሄዳል እንጂ አይገባም፤ የሆሳዕና ልጅማ በምን እግሩ ይመጣል? እናንተ ይዛችሁለት ሂዱ» አለን። ከማስተማሩ ጎን ለጎን በየከተማው ትምህርት ቤት እየዞርን ልጆቹን ሥዕልና ቅርስ እንድናሳይ፣ በዓመቱ መጨረሻም ምን እንደተማሩ ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። እኛም ሥራው ቀላል መስሎን ደስ እያለን ተቀበልን።

ከአራታችን አንዱ ሰዓሊ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ሥዕል የተማረ፣ ረጅም፣ ቶሎ የሚቆጣ ቶሎ የሚበርድ ልጅ ነው። ሁለተኛው የዚያው አገር ሰው ነበር፤ ሞርሲቶ ተወልዶ ያደገ፣ አባቱ የወንጌል አስተማሪ የሆኑ፣ ሀዲይኛውንም ከምባትኛውንም የሚናገር። ሦስተኛዋ እሷ ናት። የትምህርት ተማሪ ነበረች፤ እንደኔው የአዲስ አበባ ልጅ። እኔ ታሪክ አጠና ነበር። ስሟን እዚህ አልጽፍም። እሷም ብትሆን ይህን ካነበበች የማንን ነገር እንደምናገር ለማወቅ ስም አያስፈልጋትም።

የመጀመሪያውን ትርዒት ያሳየነው በምናስተምርበት በሆሳዕናው ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤቱ አሮጌ የጭቃ ክፍል ባዶውን ስለነበር ዳይሬክተሩ ፈቀዱልንና ሥዕሎቹን በምስማር ሰቀልን፤ ሸክላዎቹን በጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ልጆቹ በሰልፍ ገቡ። ዳይሬክተሩ አርጩሜያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ስለነበር ሁሉም እጁን ወደኋላ አጣምሮ ነው የሚያልፈው። ሰዓሊው ስለ ቀለም አስረዳ፤ እኔ ስለ ነገሥታት ተናገርኩ፤ የሞርሲቶው ልጅ ተረጎመ። በመጨረሻ እሷ «ጥያቄ ያለው አለ?» ብላ ስትጠይቅ ከኋላ የቆመች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ይህን የሠራው ሰው የት አለ?»

«ይኼኛውን የሠሩት ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ሞተዋል።»

«ያኛውንስ?»

«እሳቸውም አርፈዋል።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ የሞተ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው?» አለች።

ልጆቹ ሳቁ፤ ዳይሬክተሩ ግን በአርጩሜያቸው በሩን መታ መታ ሲያደርጉ ሁሉም ዝም አለ። እኛም አንድ የጉራጌ ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ በሰጠን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ማታ ቆጯችንን በጎመን በላን። ነገሩን ያነሳችው እሷ ናት።

«ልጅቷ ልክ ናት» አለች። «የሚሠራ ሰው እናሳያቸው። በሕይወት ያለ፣ የሚያውቁት ዓይነት ሰው።»

የሞርሲቶው ልጅ «ቦኖሻ አካባቢ አንዲት ሴትዮ አለች» አለ። «ያጎቴ ሚስት እህት ናት። ቤቷን ስትቀባ ሰው ከሩቅ መጥቶ ነው የሚያየው።»

ቅዳሜ ማለዳ እህል ሊጭን በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወረድን፤ የቀረውን መንገድ በእግራችን ሄድን። አገሩ ሜዳ ነው፤ ከሆሳዕና ይሞቃል። ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሿን ወደኋላ ያሰረች፣ ቀጭን ሰው ነበረች። ጎጆዋ ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ቤት ነው። ጎንበስ ብለን ስንገባ ግን አራታችንም ባለንበት ቆምን።

ግድግዳው ከመሬት እስከ ጣሪያው ተስሏል። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ እዚህም እዚያም የቅጠል አረንጓዴ። ላሞች በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ከላያቸው ክብ በክብ ውስጥ፣ እሱ ደግሞ በሌላ ክብ ውስጥ፤ በምሰሶው ዙሪያ የነጠብጣብ መቀነት። ሁሉም በአፈር፣ በከሰልና በቅጠል ጭማቂ የተሠራ ነው። ሰዓሊያችን የላሞቹ ሰልፍ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካው መልሶ አወረደው።

«ሰው ግድግዳ ለማየት ከሆሳዕና ድረስ ይመጣል?» አለች ሴትዮዋ በዘመዷ አስተርጓሚነት። ዓይኗ ይስቃል።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አላት ሰዓሊው።

«እናቴ። እሷንም እናቷ። አንተንስ?»

«እኔ ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት።»

«እናትህስ? ቤቷን አትቀባም ነበር?»

የሰዓሊው እናት ሲሞቱ እሱ የሦስት ዓመት ልጅ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን «አላውቅም» ብቻ አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሆሳዕና መጥታ ልጆቹን እንድታሳይልን ለመንናት። ባሏ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ጤፉ ሳይታጨድ የት ትሄዳለች?» አሉ። የሞርሲቶው ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ በቋንቋቸው ብዙ አወራቸው። በመጨረሻ ያሳመናቸው የኛ ሙዚየም አልነበረም። ሆሳዕና የተዳረች ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሴትዮዋ ልጇን ካየቻት ዓመት አልፏታል። «እንግዲያው አጨዳው ሲያልቅ ልጇን ትይ» አሉ ሽማግሌው። «በዚያው የናንተንም ትሥራ።»

ሴትዮዋ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። «ግድግዳውን እኔ አልመርግም። የሚቀመጡበት ልጆች ይምረጉት። እኔ የምቀባው ባለቤቱ የመረገውን ነው።»

እንዳለችውም ሆነ። ጥር ላይ ስትመጣ ሥዕሎቹን ከክፍሉ አውርደን ከሳጥናቸው መለስናቸው። ልጆቹ ጭቃ በእግራቸው ረገጡ፤ ጭድና እበት ቀላቀሉ፤ ክፍሉን እንደ አዲስ መረጉት። ከዚያ በየአቅጣጫው ቀለም ፍለጋ ወጡ። ከወንዙ ዳር ነጭ አፈር፣ ከገደሉ ቀይ አፈር፣ ከየማጀቱ ከሰል መጣ። ከሩቅ የሚመላለሱት ልጆች ደግሞ በቅጠል ጠቅልለው እኛ አይተነው የማናውቀውን ቢጫ አፈር አመጡ። ሴትዮዋ እያንዳንዱን በጣቷ አሽታ፣ በውሃ በጥብጣ፣ «ይኼ ይይዛል፤ ይኼ ይረግፋል» እያለች ለየችው። እጁን ወደኋላ ያጣመረ ልጅ አንድም አልነበረም።

ሴትዮዋ እየሳለች ልጆቹን ታስላለች። የላሟን ቀንድ ትጀምርና «ጨርሺ» ትላለች። ሰዓሊው እንደ ተማሪ ከልጆቹ መሀል ተቀመጠ፤ ብሩሹን ትቶ ጫፉ የታኘከ እንጨት ያዘ። የሞርሲቶው ልጅ የሷን ንግግር ይተረጉማል። የኔና የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ ሥራ መጻፍ ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርተን «ይህ ምንድን ነው? ለምን እዚህ አደረግከው?» እያልን እንጠይቃለን፤ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አማርኛቸው የቤታቸው ቋንቋ ስላልሆነ አንዳንዱ እሷን «አንተ» እኔን «አንቺ» ይለን ነበር። እሷ ሳትስቅና ሳታርም ትሰማቸዋለች። ልጁ ሲሄድ ብቻ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺ፣ ጽፈሻል?» ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ለብቻችን ስንሆን እንዲህ መጠራራት ልማዳችን ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሷም ከቀለሙ ውስጥ ገባች። ሁለት እጇ እስከ ክርኗ በቀይ አፈር ተነክሯል፤ የሹራቧ እጅጌ እየተንሸራተተ ያስቸግራታል። «እስቲ ጠቅልልልኝ» ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ደብተሬን አስቀምጬ እጅጌዋን ቀስ ብዬ ጠቀለልኩ፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን። ከዚህ የበለጠ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ያን ቀን ምሽት ደብተሬን ስከፍት ከሰዓት በኋላ አንድም ቃል አልጻፍኩም ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ይረሳኛል፤ የዚያ ሹራብ ክር ሻካራነት ግን ከጣቴ አልጠፋም።

ክፍሉ ሲያልቅ የሰው ብዛት አስደነገጠን። ወላጆች መጡ። የጉራጌው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ከነቤተሰቡ መጣ። ከየመንደሩ ገበያ የወጡ ሰዎች ቅርጫታቸውን በር ላይ አስቀምጠው ገቡ። የሚያስረዱት ልጆቹ ናቸው፤ በፈለጉት ቋንቋ። «ይቺ የኛ ላም ናት፤ ባለፈው ዓመት ሞታለች» አለች ያቺ መጀመሪያ የጠየቀችን ልጅ ለአባቷ፤ አባትየው ኮፍያቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። በሳጥን ያመጣናቸውን ሥዕሎች ደግሞ በክፍሉ መሀል በገመድ ላይ ሰቅለን ስለነበር ሰዉ ከግድግዳው ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ ግድግዳው እያየ ይከራከር ነበር። መምህራችን የፈለገው ይህን መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ሴትዮዋ ሥራዋን ጨርሳ ገና በልጇ ቤት እንደተቀመጠች፣ በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ አራታችንን ጠሩን። ከአውራጃው የትምህርት ሹም ሊጎበኙ ይመጣሉ።

«ልጆቼ፣ እኔ ሥራችሁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን የመንግሥት ክፍል ነው። ሹሙ ገብተው ላምና እበት ሲያዩ ለጣሪያ የጠየቅሁትን ቆርቆሮ ይሰጡኛል? ‹ትምህርት ቤቱን ጎጆ አደረገው› ነው የሚሉኝ። እስከ ሰኞ ኖራ ይቀባ።»

«እርስዎ ራስዎ ለሰው ሁሉ ሲያስጎበኙ አልነበረም?» አለ ሰዓሊው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ነበር» አሉ። ፊታቸው ላይ እፍረት አየሁ። «ቢሆንም ኖራ ይቀባ።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ለቆርቆሮው ሦስት ዓመት ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ክረምት ሲመጣ ታናናሾቹ ልጆች ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ነበር የሚማሩት። ያኔ ግን ይህን ለማየት ልባችን አልፈቀደም። ሰዓሊው ሥራዬን ጥዬ አዲስ አበባ እመለሳለሁ አለ። የሞርሲቶው ልጅ ወላጆችን እንሰብስብ አለ። እኔ ለመምህራችን ለመጻፍ ወረቀት አወጣሁ። እሷ ግን ተነስታ ወደ ሴትዮዋ ሄደች፤ እኛም ተከተልናት።

ነገሩ ሲተረጎምላት ሴትዮዋ አልተቆጣችም። እንዲያውም ግራ የገባት መሰለች።

«እኔ እኮ የቤቴን በየዓመቱ ለዓረፋ እመርገዋለሁ» አለች። «አሮጌው ካልተሸፈነ አዲሱ የት ይሳላል? እናንተ ለዘለዓለም መስሏችሁ ነበር እንዴ?»

ሰዓሊው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅሁም።

ወረቀት የማግኘቱ ሐሳብ የአዲስ አበባዋ ጓደኛዬ ነበር። ከነጋዴው የስኳርና የጨርቅ ማሸጊያ ወረቀት ለመነች፤ እሱም ያለውን ሁሉ አንጠፍጥፎ ሰጣት። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ እያንዳንዳቸው የሳሏትን ቦታ ፊት ለፊት ተቀምጠው በዚያው አፈር ወረቀት ላይ ገለበጧት። በየወረቀቱ ጀርባ እኔ ልጁ ያለውን ጻፍኩበት። ሰኞ ጠዋት ኖራውን የቀቡት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው። ለእነሱ ይኸኛውም ጨዋታ ነበር፤ እየተራጩ፣ እየተሳሳቁ ነጭ አደረጉት። እኔና እሷ በር ላይ ቆመን አየን። የላሞቹ ሰልፍ ከኖራው በታች ለጥቂት ጊዜ ታየና ሲደርቅ ጠፋ።

«ቀረ» አልኳት።

«አልቀረም» አለችኝ። «ነገ ቢጠየቁ ሁሉም መልሰው ይሠሩታል።»

ሹሙ መጡ፤ ነጩን ክፍል አይተው ሄዱ። ቆርቆሮው በሰኔ መጣ።

በቀሩት ወራት አንጋጫም ዱራሜም ሄድን። በየደረስንበት ሳጥናችንን ከመክፈታችን በፊት «እዚህ የሚሠራ ማን አለ?» ብለን መጠየቅ ለመድን። ዱራሜ ስንደርስ እሷ ከቦታው ጋር ተዋደደች። እዚያ ልጆቹን ይዛ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ስትሄድ፣ ከመንገድ ዳር ቆማ በከምባትኛ «ጡማ» ብላ ሰላምታ ስትሰጥ፣ እዚያው የተወለደች ትመስል ነበር። እኔ ደግሞ እሷን እያየሁ ነበር የምሄደው።

ዓመቱ አልቆ ተመለስን፤ የመጨረሻውን ዓመት ተምረን ተመረቅን። የሥራ ቦታ ምርጫ ስንጠየቅ እሷ ዱራሜን መረጠች። ለእኔ ሙዚየሙ ቦታ ሰጠኝ፤ አባቴም «አዲስ አበባ ሥራ ተገኝቶ ደግሞ!» ብሎ ተደሰተ። ዕቃዋን ላግዛት ብዬ በአውቶቡስ እስከ አዲሎ አብሬያት ወረድኩ። ከዚያ ወደ ዱራሜ የሚሄድ መኪና እስኪመጣ ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ሻንጣዋን መሀላችን አስቀምጣዋለች።

«ዱራሜ የሒሳብ አስተማሪ ይፈልጋሉ» አለችኝ።

«እኔ ሒሳብ መች አውቃለሁ?»

«የታሪክም ይፈልጋሉ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ መንገዱን ታያለች። ያኔ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ስንት ቀን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በሆዴ ስለው መጥቻለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ» የሚል ነው።

«አውቃለሁ» አለች።

መኪናው መጣ። ሻንጣዋን ከላይ ጫንኩላት። ሁለት እጄን ይዛ «ጻፊልኝ፣ አንቺ» አለችኝና ገባች።

ጻፍኩላት፤ ጻፈችልኝ። የልጆቹን ወረቀቶች ሙዚየሙ ውስጥ በአንድ መሳቢያ አስቀምጬ አንድ በአንድ መዘገብኳቸው። የክፍሌ ሹም ግን «የልጅ ሥራ ስብስብ አይባልም» ብለው እንዳይሰቀሉ ከለከሉ። በአራተኛው ዓመት ግን አዲስ ሹም ተሾሙና ፈቀዱ። ሰዓሊው መጥቶ በሰቀላው ረዳኝ። አንድ ወር ሙሉ ተማሪዎች እየመጡ አዩዋቸው፤ የጻፍኩትን የልጆቹን ቃል እያነበቡ ሳቁ። ለእሷ ይህን ስጽፍላት የሷ ደብዳቤ ከኔው ጋር መንገድ ላይ ተላለፈ። ልታገባ ነው። ሰውየው የከምባታ ሰው፣ በክሊኒክ የሚሠራ ድሬሰር ነው። «ሳትመጣ እንዳትቀር» ትላለች።

ሄድኩ። ላለመሄድ ሰበብ ፈልጌ ነበር፤ ግን እሷን አለማየቱ ከማየቱ ይብስብኛል ብዬ ሄድኩ። የሞርሲቶው ልጅም መጥቶ ነበር፤ ያኔ የወረዳ ጸሐፊ ሆኗል። በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ዘመሩ፤ ድንኳን ውስጥ አተካና የሚሉት የቡላ ገንፎ በቅቤው እየተነከረ ቀረበ። ባሏን ስታስተዋውቀኝ «ከኔ ጋር የሠራው ይኸውልህ» አለችው። ሰውየው በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ፊቱ ብሩህ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ልጠላው ብሞክርም አልሆነልኝም።

በማግስቱ ጠዋት እስከ መኪናው ሁለቱም ሸኙኝ። ጉሙ ከአምበሪቾ ተራራ ላይ ገና እየተነሳ ነበር። ባሏ ሰው ሊያነጋግር ትንሽ ወደኋላ ሲቀር አጠገቤ ሄደች።

«ክረምት ላይ ና» አለችኝ ስንደርስ። «የማስተምራቸው ልጆች የሠሩትን ታያለህ።»

«እመጣለሁ» አልኳት።

እንደምሄድ አምኜ ነበር የነገርኳት። ያን ክረምት ሥራ በዛብኝ፤ በሚቀጥለው እናቴ ታመመች፤ ከዚያ ዘመኑ ተለወጠና መንገዱም ደብዳቤውም ተቋረጠ። እኔም አገባሁ፤ ደግ ሚስት፣ ጎበዝ ልጆች አሉኝ፤ በሕይወቴ የማማርርበት ነገር የለም። ሆኖም ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ጣሪያዬን ሲደበድበው ልቤ ወደ ዱራሜ ይሄዳል። ልጆቿ ምን ሠርተው እንደነበር እስከ ዛሬ አላየሁም።